የሚስዮን ደብዳቤ የሙያ ፈቃድ አይሆንም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት በሚስዮን በኩል ወደ ውጭ ስለሚሄዱ አዋላጆች ያወጣችሁት ዘገባ ብዙ ሰው ጋ ደርሷል። እኔም ከየአቅጣጫው ተልኮልኝ አንብቤዋለሁ። የምናገረው ግን ስለ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። መሐል ላይ፣ ሥራው ነፃ አገልግሎት ስለሆነ በጎ ፈቃደኛዋ አዋላጅ በምትሄድበት አገር የሙያ ፈቃድ አያስፈልጋትም፣ የሚስዮኑ ደብዳቤና ቅን ልብ ይበቃታል ብላችኋል።

ይሄ ስህተት ነው። ደግሞ ሰው የሚገድል ስህተት ነው።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ውጭ አገር፣ በአንድ የሚስዮን ሆስፒታል አገልግያለሁ። የአገሩን ስም የማልጠራው የእዚያ ባልደረቦቼን ሳላስፈቅድ ስለምጽፍ ነው። ከመሄዴ በፊት የትምህርት ማስረጃዬ ተጣርቷል። በሙያዬ ቅሬታ እንዳልቀረበብኝ የሚገልጸው ደብዳቤ እኔ ፈቃድ ካወጣሁበት መሥሪያ ቤት ለዚያኛው አገር መዝጋቢ በቀጥታ ተልኳል። በእጄ ይዤው ልሄድ አይፈቀድም። ጊዜያዊ ምዝገባዬ እስኪወጣ ድረስ ሻንጣዬን ሸክፌ ቁጭ አልኩ። ሚስዮኑ ራሱ “ቁጥርሽ ሳይመጣ ማዋለጃ ክፍል አትገቢም” ብሎኛል። ያኔ መጠበቁ አንጀቴን ቢያሳርረኝም ትክክል እንደሆነ አውቅ ነበር።

ዘገባችሁ ከወጣ በኋላ ግን “ለካ ያለ ፈቃድ ነበር ስታዋልጂ የከረምሽው” የሚለኝ በዛ። አብረውኝ የሚጸልዩ ሰዎች ሳይቀሩ በጎን ያዩኝ ጀመር። አንዲት ዘመዴ ደውላ “የሰው ነፍስ ይዘሽ እንዴት እንዲህ ትደፍሪያለሽ?” ብላ ተቆጣችኝ። አልፈርድባትም፤ ጋዜጣ ላይ ያነበበችውን ነው የጠየቀችኝ። ይሄንን ስም ማን ያጥብልኝ? ዘጋቢያችሁ አንዲት ስልክ ደውሎ አንዲት ተመዝግባ የሄደች አዋላጅ ቢያነጋግር ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

እሺ፣ በእርጋታ ላስረዳ። አብዛኛው ወሊድ በሰላም ያልቃል። ማንም ያዋልዳል የሚል ሐሳብ የሚመጣውም ከዚህ ነው። አዋላጅ የምትለየው ነገሩ ሲበላሽ ነው፤ ሲበላሽ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። አንድ ሌሊት ሕፃኑ ተወልዶ፣ እንግዴ ልጁም ወጥቶ፣ ሁሉም ነገር ሰላም ሲመስል እናትየዋ “በረደኝ” አለች። አንሶላውን ስገልጠው ደሙ ከአልጋው ጠርዝ ወደ ወለሉ ይንጠባጠባል። ሆዷን ስዳስስ ማህፀኗ እንደ ሊጥ ለስልሷል። ማሸት ጀመርኩ። የፈረቃው ኃላፊ፣ የአገሬው አዋላጅ፣ ማህፀን የሚያኮማትረውን መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲኑን፣ ከፍሪጅ አወጣች፣ ሁለተኛ የደም ሥር ከፈተች፣ ደም እንዲዘጋጅ አስደወለች፣ ዞር ብላ ደግሞ ለባልየው በገዛ ቋንቋው ምን እየሆነ እንዳለ ነገረችው። እኔ እዚያ ቦታ ላይ መቆም የቻልኩት የትኛው መድኃኒት በምን ያህል መጠን እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሚያዘው፣ ለቀዶ ሕክምና ማን እንደሚጠራ በዚያ አገር መመሪያ ቀድመው ስላሠለጠኑኝ ነው። እናትየዋ ተረፈች። መዝገቧ ላይ ሁለታችንም ፈረምን። ከፊርማዬ ጎን የምዝገባ ቁጥሬ አለ።

ያ ቁጥር የእናትየዋ ንብረት ነው። እጄ ላይ አንድ ነገር ብትሆን ኖሮ ባለቤቷ ይዞ የሚከሰኝ በእሱ ነው። ያለ ቁጥር የምታዋልድ ሴት ግን ነገር ሲበላሽ አውሮፕላኗን ተሳፍራ ትሄዳለች። ቤተሰቡ ማንን ይዞ ይጠይቅ? ሚስዮኑ የጻፈውን የድጋፍ ደብዳቤ?

ዘጋቢያችሁ ሆዱን ቢያመው፣ ልቡ ቅን የሆነ ግን ያልተመዘገበ ሰው ቢላ ይዞ ቢመጣለት ይተኛለታል? እህቱንስ ያስነካዋል? ታዲያ የሌላ አገር እናት ስትሆን ምነው ነገሩ ቀለለ?

የእናቶች ሞት እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ፤ ከአገር ያስወጣኝም እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 260 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች በእርግዝና፣ በወሊድና ከወሊድ በኋላ ሞተዋል። ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ያ ሌሊት ያየሁት የደም መፍሰስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የዓለም የአዋላጆች ሁኔታ ሪፖርት ደግሞ 900 ሺህ አዋላጆች እንደሚጎድሉ ገምቷል። ይሄ ጉድለት በሠለጠነ ሰው ነው የሚሞላው። ዓለም አቀፉ የአዋላጆች ኮንፌዴሬሽን በቀጥታ ለሚገባ ተማሪ ቢያንስ 3 ዓመት፣ ነርስ ሆኖ ለሚመጣ ቢያንስ 18 ወር ሥልጠና ይጠይቃል። በጎ ፈቃደኛ ከዚህ ነፃ ናት የሚል ነገር የትም አላየሁም።

ፈቃድ ችላ ሲባል ምን እንደሚመጣ ደግሞ በኡጋንዳ ታይቷል። የሕክምና ትምህርት የሌላት አንዲት አሜሪካዊት ሚስዮናዊት ጂንጃ ውስጥ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት ማዕከል ከፍታ ነበር። ብዙ ሕፃናት እዚያ ሞቱ። እናቶች እ.ኤ.አ. በ2019 ከሰሷት፤ እሷ ጥፋት የለብኝም አለች፤ ጉዳዩ በ2020 በስምምነት ተዘጋ። የልጆቹ እናቶች ግን ልጆቻቸውን አላገኙም። ከእሷ በኋላ ወደዚያ የሚሄድ ማንኛውም አማኝ የጤና ባለሙያ በጥርጣሬ ቢታይ ይፈረዳል?

በእምነት መሄድና በሥርዓት መሥራት አብረው ይሄዳሉ። ካትሪን ሃምሊንና ባለቤቷ ሬጅ እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ሲመጡ ሁለቱም የተማሩ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ነበሩ። የመጡትም በሥራ ማስታወቂያ ተወዳድረው፣ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነው። ክርስቲያንነታቸውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በ1974 በወሊድ ጉዳት ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸውን ሴቶች የሚያክመውን የፊስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ፤ በ2007 ደግሞ በስማቸው የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ፊስቱላ የሚመጣው ምጥ ተራዝሞ በጊዜ የሚረዳ ሲጠፋ ስለሆነ፣ የተማረች አዋላጅ ብትኖር ሴትየዋ መጀመሪያውኑ አትጎዳም ነበር ብለው ነው። ዘገባችሁ ስለ ሚስዮንና ስለ አዋላጅ ያን ያህል ሲያወራ ይሄ እንዴት አንዲት መስመር አጣ?

አንድ ሌላም ነገር አለ። ያን ሁሉ ገጽ ስትጽፉ አንዲት የአገሬው አዋላጅ አላናገራችሁም። ፎቶው ላይ ፈረንጇ ሕፃኑን ታቅፋለች፤ እናቱ የለችም፣ ያዋለደችውም የለችም። እኛ መጥተን እንሄዳለን። ነገ ማታ ፈረቃ የምትገባው እሷ ናት። እኛ የጀመርነውን የምትጨርሰው፣ ያበላሸነውን የምታቃናውም እሷ ናት። ያልተመዘገበ እንግዳ አምጥቶ ማዋለጃ ክፍሏ ውስጥ መጣል ምን ማለት እንደሆነ ብትጠይቋት አጥርታ ትነግራችሁ ነበር።

ይሄንን ሁሉ እንድጽፍ ያስገደደችኝ ግን አንዲት ገና የተመረቀች አዋላጅ ናት። በመጪው ዓመት በሚስዮን ልትሄድ ትፈልጋለች። “የምትሄጂበት አገር የሙያ ምክር ቤት ጋ ቀድመሽ ጻፊ፣ ምዝገባው ጊዜ ይወስዳል” አልኳት። ወዲያው ጽሑፋችሁን ላከችልኝና “ሲስተር፣ እዚህ ግን አያስፈልግም ይላል እኮ” አለችኝ። እኔን ሳይሆን እናንተን አመነች።

ስለዚህ ዓረፍተ ነገሯን ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን አርሙልን። ከማረማችሁ በፊት የአንድ አገር መዝጋቢ አካል ጠይቁ፤ አንዲት የአገሬው አዋላጅም አናግሩ። ከፈለጋችሁ እኔው አገናኛችኋለሁ። እርማቱ በወጣ ዕለት ቆርጬ ለዚያች ልጅ እልክላታለሁ።

አንዲት አዋላጅ ነርስ