ይድረስ ለተጠባባቂው

ውድ ወንድሜ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሰባት ዓመት ጠፍቶ የቆየ ሰው እንዲህ ብሎ ሲጀምር ያስቃል፣ አውቃለሁ። ግን ሌላ መጀመሪያ አጣሁ። ሦስቴ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

ለምን እንደተዘጋጋን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ሠርግህ ላይ ማይክ ይዤ የዱላ ቅብብሉን ነገር አወራሁ። አዳራሹ ሳቀ፣ አንተ አልሳቅክም። የትምህርት ቤት ውድድር፣ አንዱ ሯጫችን ጠዋት ታሞ ቀረ፣ ተጠባባቂው አንተ ነበርክ። «ግባ» ስትባል ሁለት ፓስቲ በሻይ ጨርሰህ ጣትህን ትልስ ነበር። ያውም በነጠላ ጫማ! ከዚያ ወዲህ «ተጠባባቂው» አልንህ። እኔ ደግሞ ከሁሉም ባስኩ።

ዛሬ የምጽፍልህ በሌላ ተጠባባቂ የተነሳ ነው። ታምራት ቶላን ማለቴ ነው። ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ከተመረጡት ሦስቱ ውስጥ አልነበረም። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ፣ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ እሱ ተተካ። ሁለት ሳምንት! በሁለት ሳምንት የማራቶን ዝግጅት እንደሌለ አንተም ታውቃለህ። ሰውየው ላይሮጠው በሚችለው ሩጫ ሲለፋ ከርሟል ማለት ነው።

ነሐሴ 4 ቀን 2016፣ ቅዳሜ ጠዋት ሥራዬን ትቼ ቴሌቪዥን ፊት ተተከልኩ። ሩጫው ከፓሪስ ቬርሳይ ደርሶ መልስ ነው። ዳገቱ ጉድ ነው። 29ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ያለው አቀበት ቁጭ ብሎ የሚያየውን ሰው እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል። ታምራት እዚያ አካባቢ ነጠል ብሎ ሄደ፣ ከዚያ በኋላ የደረሰበት የለም። 2:06:26፣ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን። ገዛኸኝ አበራ ሲድኒ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶንን ካሸነፈ 24 ዓመት ሆኖን ነበር። ታምራት በማግስቱ 33 ዓመት ሞላው፣ ልደት ማለት እንዲህ ነው።

«እሱ ምኑ ተራ ሰው ነው፣ የዓለም ሻምፒዮን አይደል?» ትለኛለህ። ልክ ነህ፣ ዩጂን ላይ ወርቅ ወስዷል። ግን በዓመቱ ቡዳፔስት ላይ፣ በዚያው የዓለም ሻምፒዮና፣ አቋርጦ ወጣ። ከሁለት ወር ከምናምን በኋላ ደግሞ ኒውዮርክን የቦታውን ሰዓት አሻሽሎ አሸነፈ። እንዲህ ያለ ሰው ተጠባባቂ ሲባል ቢያኮርፍ ማን ይፈርድበታል? እኔ ብሆን አኮርፋለሁ፣ ፓስቲም እበላለሁ።

ግቢያችን ውስጥ ከአርሲ የመጣ ልጅ ተከራይቷል። ሯጭ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራቱ ይጠፋል። ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን የበሩ መቀርቀሪያ ይጮሃል። አንድ ቀን ጫካ፣ አንድ ቀን ኮሮኮንች፣ አንድ ቀን አስፋልት። ተመልሶ ይበላል፣ ይተኛል። እናቴ መጀመሪያ «ይሄ ሰነፍ፣ ቀን ሙሉ እንቅልፍ!» ትል ነበር። አሁን በሶ የምታስፈጭለት እሷ ናት። አራት ዓመት ሙሉ ውጭ አገር አንድም ውድድር አላገኘም። «አይሰለችህም?» አልኩት አንድ ቀን። «ይሰለቻል እንጂ» አለኝ በሶውን እየበጠበጠ፤ «ግን ሲጠሩኝ ኮንዲሽን ከሌለኝ ምን ይዤ እሄዳለሁ?»

ፓስቲህ ትዝ አለኝ። ልወቅስህ አይደለም፣ የገባኝ ሌላ ነገር ነው። ልጁ ሰዓት የሚይዝለት አሠልጣኝ አለው። ሲያረፍድ በሩን የሚደበድቡ ጓደኞች አሉት። አንተስ ማን ነበረህ? ስምህን ወረቀት ላይ ጻፉት እንጂ ልምምድ ላይ አንድ ቀን ዱላ ያቀበለህ አልነበረም። እኔም አላቀበልኩህም። ዋናው ሯጭ ተብዬው እኔ ደግሞ በዓመቱ ሩጫውን እርግፍ አድርጌ ተውኩት።

ሠርግህ ላይ የዘለልኩት ነገር አለ። ነጠላ ጫማህን አውልቀህ፣ በባዶ እግርህ፣ ሆድህን ይዘህ ዙሩን ጨርሰሃል። መጨረሻ ወጣን፣ ዱላው ግን አልወደቀም። ያንን ማውራት ሲገባኝ ፓስቲውን አወራሁ። ይቅር በለኝ።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። ልጆችህ እንዴት ናቸው? ስማቸውን እንኳ አለማወቄ ያሳፍረኛል። ስልኬ ያው የድሮው ነው።

ልጁ ባለፈው ሳምንት ማናጀር ደወለለት። ለአሯሯጭነት ነው፣ ቪዛው ገና አልተመታም። እሱ ግን ዛሬም በአሥር ተኩል ወጣ። መቀርቀሪያው ቀሰቀሰኝና ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍኩልህ።

ያው ጓደኛህ