የሕፃናት መጽሐፍ ቅዱስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ከኬጂ 3 እስከ 2ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ያቅፋል። የዓመቱ ዓላማ አንድ ነበር፤ ልጆቹ ጥቅስ ከማነብነብ አልፈው መጽሐፉን ራሱን እንዲወዱት፣ እጃቸውን ጠርገው እንዲያነሡት፣ ማንም ሳያስታውሳቸው «ዛሬ ምን እናነባለን?» ብለው እንዲጠይቁ። በዚህ ምክንያት ከረሜላም ሆነ ኮከብ አልሸለምንም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በጥቅስ ከረሜላ ካገኘ የሚያስበው ከረሜላውን ነው፤ ከረሜላው ሲቀር ጥቅሱም አብሮ ይቀራል። በሽልማቱ ፈንታ ልጆቹ የሠሩት ሁሉ በክፍሉ ሥራ ላይ እንዲውል አደረግን።

የክፍለ ጊዜው አካሄድ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ መጀመሪያ ጨዋታ፣ ቀጥሎ መጽሐፉ ተከፍቶ ከአምስት ቁጥር ያልበለጠ ንባብ። ተገልብጦ ንባቡ ከቀደመ ልጆቹ ጆሯቸው ክፍል፣ ልባቸው ሜዳ ይሆናል። ጨዋታው ከቀደመ ግን ጥያቄ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ንባቡም ለጥያቄያቸው መልስ ይሆናል።

ከሁሉ ይበልጥ የተወደደው «የጠፋው መጽሐፍ» የተባለው ጨዋታ ነው። መሠረቱ 2ኛ ነገሥት 22 ነው። ኢዮስያስ የነገሠው በ8 ዓመቱ መሆኑ ብቻውን የ2ኛ ክፍል ልጆችን ጆሮ ያቆማል። በነገሠ በ18ኛው ዓመት ቤተ መቅደሱ ሲታደስ ካህኑ ኬልቅያስ የሕጉን መጽሐፍ አገኘ፤ ጸሐፊው ሳፋን ለንጉሡ አነበበለት፤ ንጉሡም ልብሱን ቀደደ። ጨዋታው የራሳችን አኩኩሉ ነው። መጽሐፉ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አፈር እንዳይነካው በካርቶን ውስጥ ሆኖ ይደበቃል። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው «አኩኩሉ» ሲባሉ «አልነጋም» ይላሉ፤ «ነግቷል» ሲባል ፍለጋው ይጀመራል።

ጨዋታው የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው መደበቂያው ሲከብድ ነው። አምስት ደቂቃ ፈልገው ያጡ ትንንሾች ወደ ሌላ ጨዋታ ይበተናሉ፤ ስለዚህ የቀዩ ጨርቅ ጫፍ በትንሹ መታየት አለበት። ሁለተኛው ሯጩ ልጅ ሁልጊዜ ቀድሞ ሲያነሣው ነው። ለዚህ ያገኘ ልጅ መጽሐፉን ሳይነካ እጁን ራሱ ላይ አድርጎ አጠገቡ ይቆማል፤ የሚነሣው ሁሉም ሲሰበሰቡ ነው። ከዚያ አንዱ ኬልቅያስ፣ አንዱ ሳፋን፣ አንዱ ንጉሥ ይሆንና መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ለንጉሡ ልብስ ጫፉ በመቀስ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል የተሰነጠቀ ብጣሽ ጨርቅ አስቀድሞ ይዘጋጅ። ጨርቅ ካልተሰጣቸው ዩኒፎርማቸውን ይይዛሉ። ንባቡ ከቁጥር 8 እስከ 11 ነው። «ለምን ቀደደው?» የሚለው ጥያቄ ሳይጠሩት ይመጣል፤ ልጅ ከመጽሐፍ የሚሰማ ነገር ሰውን ሊያስደነግጥም ሊያስለቅስም እንደሚችል የሚረዳው እዚያ ላይ ነው።

ለፍጥረት ታሪክ ሰኞ ማክሰኞን ተጠቀምን። ሰባት ሳጥን በጠመኔ ይሰመራል፤ ለኬጂ ልጆች የሳጥኑ ጎን ከ40 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይሻላል። መነሻው እሑድ ነው፤ ልጆቹ ግን በለመዱት መንገድ ከሰኞ ሊጀምሩ ስለሚሞክሩ የመጀመሪያው ሳጥን በቢጫ ጠመኔ ይቀባ፣ ብርሃን የተፈጠረበት ቀን ነውና። ልጁ በየሳጥኑ ሲዘል በዕለቱ የተፈጠረውን ይጠራል። ቅዳሜ ላይ በሁለት እግሩ ቆሞ ጓደኞቹ እስከ ሰባት ሲቆጥሩ ያርፋል። የረሳ ልጅ ተራው አያልፈውም፤ «አንብቡልኝ» ይላል፤ መጽሐፉን የያዘው ልጅ ከዘፍጥረት 1 ቁጥሩን ያነብለታል። ይህች አንዲት ሕግ ጨዋታውን ሙሉ በሙሉ ለወጠችው፤ መጽሐፉ ፈታኝ መሆኑ ቀርቶ ረዳት ሆነ። በብዛት የሚምታታው የእሑዱ ብርሃንና የረቡዑ ፀሐይ ነው። «ፀሐይ ሳትኖር ብርሃኑ ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም፤ መምህሩ ሁለቱን ቦታ ደግሞ ያንብብለት እንጂ መልስ ለመስጠት አይቸኩል።

ከእጅ ሥራዎቹ ሰፊ ቦታ የሚገባው ቀለም መሥራቱ ነው። ለ10 ልጆች ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተነፋ ጥላሸት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ የግራር ሙጫና አራት የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። ሙጫው በሦስቱ ማንኪያ ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ጠዋት በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጠለላል። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ጥላሸቱ በቀጥታ ውሃ ውስጥ ከገባ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይዋሐድም። መጀመሪያ ከወፍራሙ ሙጫ ጋር በማንኪያ ጀርባ እየታሸ እንደ ሊጥ ይሁን፤ የቀረው ውሃ ከዚያ በኋላ በጠብታ ይጨመር። ሙጫ ካነሰ ጽሑፉ ደርቆም በጣት ይለቃል፤ ከበዛ ቀለሙ ያብረቀርቅና ይሰነጠቃል፣ ከብዕሩም አይወርድም። ብዕሩ መቃ ነው፤ ጫፉን በሰያፍ የሚቆርጠውና መሐሉን የሚሰነጥቀው መምህሩ ብቻ ነው። ጥላሸት ከልብስ ስለማይለቅ እያንዳንዱ ልጅ የአባቱን አሮጌ ሸሚዝ ወደ ኋላ ገልብጦ ይልበስ።

የሚጻፈው አንድ መስመር ነው፤ «በመጀመሪያው፡ቃል፡ነበረ»። ሦስት ቃል፣ 12 ፊደል፣ በቃላቱ መካከል እንደ ጥንቱ ሁለት ነጥብ። ፊደል ያልጨረሱት የኬጂ ልጆች በእርሳስ ነጥብ የተሠራላቸውን ይከተላሉ። ጣታቸው ደክሞ አንዲት መስመር ሲጨርሱ በብራና ላይ በእጅ ስለሚጽፉት ቁም ጸሐፊዎች ይነገራቸዋል፤ ብራናው ከፍየል ቆዳ ተፍቆ እንደሚዘጋጅ፣ የጸሐፊዎቹ ቀለም ለወራት እንደሚብላላ፣ ቅዱሳት ስሞች በቀይ እንደሚጻፉ። በዚያው ዕለት በአድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁትን ወንጌላት ሥዕል አሳየናቸው። የብራናው ምርመራ ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ዘመን መካከል የተሠሩ መሆናቸውን ያመለክታል። ለትንሽ ልጅ ቁጥሩ ብዙ ትርጉም የለውም። ያን ሁሉ ጊዜ ሰዎች ከእሳትና ከዝናብ እየጠበቁ አቆዩት ማለት ግን ይገባዋል፤ አሁን የመጠበቅ ተራው የእርሱ ነውና።

ለዚህም «የመጽሐፍ ሐኪም ቤት» ከፈትን። የተቀደዱ የክፍል መጻሕፍት በፕላስተር አይጠገኑም፤ ፕላስተር ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ይላቀቃል፣ ወረቀቱንም ያበላሻል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአምስት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ በዝግታ እሳት ላይ እስኪወፍርና ነጣ ያለው መልኩ እስኪጠፋ ድረስ ይማሰላል። ዱቄቱ በፈላ ውሃ ላይ ከተነሰነሰ ይጓጉላል። ልጁ ቀጭን ወረቀት በስሱ ቀብቶ ስንጥቁ ላይ ይለጥፋል፤ ከላይና ከታች ፌስታል ተደርጎ ከባድ መጽሐፍ ተጭኖበት ያድራል። ሙጫው ከበዛ ገጹ ይጨማደዳል፤ ፌስታሉ ከተረሳ ገጾቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። የተረፈው ሙጫ በሁለት ቀን ስለሚሻግት በየጊዜው ትኩስ ይሠራ። በገዛ እጁ ያከመውን ገጽ ልጅ ደግሞ ሲቀድደው አላየንም።

እንቆቅልሹም ሠምሯል። «እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልህ?» «በር የለው፣ ምሰሶ የለው፣ ሦስት ሌሊት ያደርኩበት ቤት ይዋኛል።» ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ ግን አገሩ ነነዌ፣ ኢያሪኮ፣ ቤተ ልሔም ወይም ናዝሬት መሆን አለበት። (ናዝሬትን አዳማ የሚያደርጉ ስላሉ ካርታ ግድግዳ ላይ ይሰቀል።) አገር ከተሰጠ በኋላ የሚከተለውን የተለመደ ስድብ አስቀርተን ባለእንቆቅልሹ መልሱ የት እንደተጻፈ መጽሐፉን ገልጦ እንዲያሳይ አደረግን።

ለመዝሙር 119፥105 («ሕግህ ለእግሬ መብራት፣ ለመንገዴ ብርሃን ነው») ክፍሉን በብርድ ልብስ አጨልመን በገመድ ጠመዝማዛ መንገድ ሠራን፤ ልጁ ባትሪ ይዞ ገመዱን እየተከተለ ይሄዳል። ባትሪው ደካማ ይሁን። ኃይለኛ ከሆነ ክፍሉ ሁሉ ይታይና የጥቅሱ ነገር ይጠፋል፤ መብራቱ ለእግር ነው፣ ቀጣዮቹን ሁለት እርምጃዎች ካሳየ ይበቃል። ጨለማ የሚፈራ ልጅ ጓደኛውን ይዞ ይግባ፣ በሩም ገርበብ ይበል።

የ2ኛ ክፍል ልጆች 27 የክብሪት ቀፎዎችን በባለቀለም ወረቀት ለብጠው የሐዲስ ኪዳን መደርደሪያ ሠርተዋል። ልጆቻችን ከተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት ስለሚመጡ 27ቱ ሁሉንም ያስማማሉ፤ መጽሐፍ ቅዱስ በጠቅላላው 66 ነው ወይስ 81 መጻሕፍት ያሉት የሚለው ጥያቄ ለቤተሰብ ይቆይ። ሲደረደር ግን የያዕቆብ መልእክት ቦታ እንደ እትሙ ይለያያል፤ በአንዳንዱ ከዕብራውያን ቀጥሎ፣ በሌላው ከዮሐንስ መልእክታት በኋላ ነው። ቤት ያለውን መጽሐፍ የለመደ ልጅ «ተሳስታችኋል» ሲል ሁለቱ ማውጫዎች ጎን ለጎን ይከፈቱለት።

ለ2018 ዓ.ም. ወላጆች ባዶ የክብሪት ቀፎ፣ አሮጌ ሸሚዝና ደረቅ መቃ ቢያጠራቅሙልን እንወዳለን። የግራር ሙጫው ከገበያ ሲገዛ አሸዋና ቅርፊት ያልበዛበት፣ ለብርሃን ሲያዩት የሚያሳልፍ ይሁን። የመደርደሪያው ሥራ ወደ ብሉይ ኪዳን የሚሸጋገረው በአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት ነው።