አባባ፣ ዘንድሮ አንብቤያለሁ

ዋሽንግተን ዲሲ
ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምናፍቅዎት አባቴ፣ ደብረ ማርቆስ።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እማማስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል። ሥራው እንደ ወትሮው ነው።

አምና «ታነባለህ ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ «አዎ» ያልኩዎት ውሸቴን ነበር። ይቅር ይበሉኝ። ሁለት ሥራ ስሠራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም መጽሐፍ አልጨረስኩም። ዘንድሮ ግን አንብቤያለሁ። በስልክ የምናወራው ሁልጊዜ ስለ ብርና ስለ መድኃኒት ስለሆነ ይሄን በደብዳቤ ልንገርዎት ብዬ ነው።

የጀመርኩት በጆሮዬ ነው። የሌሊት ፈረቃ ላይ፣ የፓርኪንጉ ቡዝ ውስጥ ቁጭ ብዬ ወጋየሁ ንጋቱ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» በስልኬ ከፈትኩ። ድምፁ ገና ሲጀምር ሬዲዮናችን ትዝ አለችኝ። እርስዎ ጠጋ ብለው ድምፁን ከፍ ያደርጋሉ፣ እማማ ቡና መውቀጧን ታቆማለች፣ እኛ ትንፍሽ አንልም።

ልጅ ሆኜ ልቤን የሰቀለው የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ነገር ነበር። መነኩሴ መስላ ፍለጋ ስትወጣ ተደብቄ አልቅሻለሁ። አሁን ግን አንጀቴን የበሉት ወላጆቹ ናቸው፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ። ስንት ተመኝተው ያገኙትን ልጅ ለስለት ሰጥተው ለትምህርት አርቀው ይሸኙታል። አባባ፣ እኔን መናኸሪያ ድረስ የሸኙኝ ቀን፣ አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ምን ሆነው ወደ ቤት እንደተመለሱ ጠይቄዎት አላውቅም። ትረካውን አቁሜ ይሄንን ሳስብ ቆየሁ። አንዱ መኪና ጥሩምባ ሲነፋብኝ ነው የነቃሁት።

ከዚያ በኋላ ማርቲን ሉተር ኪንግ ላይብረሪ ሄጄ ካርድ አወጣሁ። በነጻ ነው። መጀመሪያ የተዋስኩት የማዛ መንግሥቴን «ዘ ሻዶው ኪንግ» ነው። በ2019 በፈረንጆቹ የወጣ ነው፤ በማግሥቱ ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዙር ደርሷል። ታሪኩ የ1928ቱ የጣሊያን ወረራ ነው። ዋና ባለታሪኳ ሂሩት የምትባል የቤት ሠራተኛ ናት፣ ወላጅ የላትም። ከአባቷ የቀራት አንድ ጠመንጃ ብቻ ነው፤ እሱንም ጌታዋ ይወስድባታል።

የጠመንጃውን ስም ልንገርዎት? ውጅግራ! በእንግሊዝኛ መጽሐፍ መሀል፣ በላቲን ፊደል፣ ውጅግራ ተብሎ ተጽፏል። ደጋግሜ አነበብኩት። ውጅግራ ከፈረንሳይ የመጣ ጠመንጃ መሆኑን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ከዚያ ደግሞ ምንም የሚባል ገበሬ አለ። ስሙ ራሱ ምንም ነው። ጃንሆይ ከተሰደዱ በኋላ መልኩ እሳቸውን ስለሚመስል አርበኞቹ አልብሰው ያነግሡታል፣ ሰው ተስፋ እንዳይቆርጥ። ፈረንጅ ስሙን እንደ ማንኛውም ስም ያልፈዋል። እኛን ግን ገና ስናነበው ይነካናል።

ማዛ እንደምትናገረው የራሷ ቅድመ አያት ስለ ጠመንጃ አባቷን ከስሳ፣ አሸንፋ፣ ይዛው ዘምታለች። ማዛ ይህን ከእናቷ የሰማችው መጽሐፉን ስትጽፍ ከቆየች በኋላ ነው። አደራዎትን፣ የአያቴን የአርበኝነት ዘመን ወሬ እማማ ምን ያህል እንደምታስታውስ ይጠይቁልኝ። እኔም ጊዜው ሳያልፍብኝ ልስማው።

ሁለተኛው የዲናው መንግሥቱ ነው፣ በ2007 በፈረንጆቹ የወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉ። ከቀይ ሽብር ያመለጠ አበሻ እዚሁ ዲሲ፣ ሎጋን ሰርክል አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለው። ጓደኞቹ አንዱ ኬንያዊ፣ አንዱ ኮንጎአዊ ናቸው። ሲገናኙ የአፍሪካ አምባገነኖችንና መፈንቅለ መንግሥቶችን ከነዓመታቸው እየጠሩ ይጫወታሉ። በኦፍ ቀኔ እዚያው አደባባይ ሄጄ፣ በፈረስ ከተቀመጠው ጄኔራል ሐውልት ሥር የመጨረሻዎቹን ገጾች ጨረስኩ። ብቸኝነቱን እንዲህ አድርጎ የጻፈልን ሰው አላየሁም።

የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ»ንም ደግሜ አነበብኩ። በእኛ በ1975 የወጣው መጽሐፍ በ2025 በፈረንጆቹ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል። ትርጉሙን ለሥራ ባልደረባዬ ሰጠሁት፤ አሁን ስለ አስመራ እየጠየቀ አላስተኛ ብሎኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የሚቀጥለውን ከእርስዎ ጋር ማንበብ እፈልጋለሁ። የአዳም ረታን «ግራጫ ቃጭሎች» መርጫለሁ። አዳም ካናዳ ለረጅም ዓመት እየኖረ በአማርኛ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። አጻጻፉን ከእንጀራ ዓይን ጋር ያያይዘዋል፤ «ሕፅናዊነት» ይለዋል። ይከብዳል ይላሉ፤ ለዚህ ነው አስተማሪዬን የፈለግኩት። ሁለት ቅጂ ይግዙ። አንዱ የእርስዎ፣ አንዱን ደብዳቤውን ላመጣልዎት ሰው ይስጡልኝ፤ በጥር ይመለሳል። ገንዘቡን ልኬያለሁ።

እስከዚያው የማዛን መጽሐፍ እሁድ እሁድ በስልክ በአማርኛ እተርክልዎታለሁ። ወጋየሁን ባልሆንም እሞክራለሁ። በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በእናንተ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። እማማም ቡናዋን ቀደም ብላ ትውቀጥ። የማንበቢያ መነጽሩን ከደብዳቤው ጋር አስይዤዋለሁ፤ ካልተመቸዎት ቁጥሩን ይንገሩኝ፣ ሌላ እልካለሁ። ስልክዎን ቅዳሜ ማታ ቻርጅ ማድረግ እንዳይረሱ።

ልጅዎ