ቀለሙን አይቻለሁ፣ ቀኑን አላውቅም፦ የሳይንስ ክበባችን ዓመት

ዘንድሮ የሳይንስ ክበባችን የፎረንሲክ ሕክምናን፣ ማለትም ጉዳትንና ሞትን ለፍትሕ ሲባል የሚመረምረውን ሕክምና፣ መርጦ ሠራ። ሬሳ አላየንም፤ የማየት ሐሳብም አልነበረንም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በኅዳሩ የወላጆች ስብሰባ «ልጆቻችንን ምን እያስተማራችኋቸው ነው?» ተብዬ ስለተጠየቅሁ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ልጆቻችሁ ያጠኑት በሕያው ሰው ቆዳ ላይ የሚታየውን ነው። የበለዘውን፣ የተላላጠውን፣ የተፈነከተውን።

ይህ ለእኛ ለጎጃሞች ሩቅ ትምህርት አይደለም። ዱላ የዘወትር ጓዛችን ነው። ጠብ ሲነሳ ሽማግሌውም ፖሊሱም መጀመሪያ የሚያየው ቁስሉን ነው። ሕጉም ቁስልን ከቁስል ይለያል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከባዱን የአካል ጉዳት በአንቀጽ 555፣ ቀላሉን በ556 ያስቀምጣል። ተራ ሰንበር፣ እብጠትና ቶሎ የሚያልፍ ሕመም ግን በአንቀጽ 560 መሠረት እንደ አካል ጉዳት አይቆጠርም፤ የሚታየው በእጅ እልፊት፣ ማለትም አካል ሳይጎዳ ሰውን በመምታት፣ ነው። እንግዲህ ቁስሉን ያየ ሰው ቃሉን ካሳተ የሰው ጉዳይ ተበላሸ ማለት ነው።

የየረቡዑን ስብሰባ አልዘረዝርም። ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ኮሚቴ ተመረጠ፣ አለቀ። አንዱን ቀን ብቻ ላንሳ። ከመስቀል በኋላ አንድ ተማሪ ከቤቱ የበግ ጭንቅላት ከነቆዳው ይዞ መጣ። በአንድ በኩል በምላጭ ቆረጥነው፣ በሌላው በኩል በድንጋይ መታነው። ከሩቅ ሁለቱ አይለዩም። አጥንት ላይ የተወጠረ ቆዳ በድንጋይ ሲመታ ቀጥ ብሎ ስለሚሰነጠቅ ቢላ ያረፈበት ይመስላል። በማጉያ መነጽር ስናየው ግን የድንጋዩ ቁስል ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጉ ቀጫጭን ክሮች አሉ። ሳይበጠሱ የቀሩ ሥሮችና ነርቮች ናቸው። ምላጭ እነዚህን አይምርም። ፍንክትና የስለት ቁስል የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። መበለዝን ግን ከበጉ መማር አልቻልንም። ደም የማይዘዋወርበት ቆዳ እንደ ሕያው ቆዳ አይበልዝም።

ለዚያ ገናን ጠበቅን።

በገና ማግስት ሜዳው ሞልቶ ነበር። ተማሪዎቼ ማስመሪያ፣ ደብተርና ባለቀለም እርሳስ ይዘው ዳር ቆሙ። ሩሯ ስትበር ዱላው ተከትሎ ይወርዳል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ ግን ያን ቀን አንዱ ተቆጣ። ክንዱን ይዞ «ሆን ብሎ በዱላ መታኝ!» አለ። ሌላኛው «ራሱ ነው የወደቀው» ብሎ ማለ። ሁለቱም መዳፋቸውንና ክንዳቸውን እንድናይ ፈቀዱልን። ወላጆቻቸውም እዚያው ስለነበሩ እነሱንም አስፈቀድን።

የተቆጣው ልጅ መዳፍ ተላልጧል። የተላጠው ቆዳ ወደ አንጓው በኩል ተጠቅልሎ ተከማችቷል። ጣቱን ወደፊት ዘርግቶ ወድቆ መሬቱ ላይ ተንሸራቷል ማለት ነው። መላላጥ አቅጣጫ ይናገራል፤ ቆዳው የሚከማቸው የፋቀው ነገር በሄደበት ጫፍ ነው። ክንዱ ላይ ግን ሌላ ምልክት አለ። ሁለት ትይዩ ቀያይ መስመሮች፣ መሐላቸው ያልቀላ። ይህ የዱላ ፊርማ ነው። ዱላው ሲያርፍ ከሥሩ ያለውን ደም ወደ ጎንና ጎን ይገፋል፤ የሚፈነዱት በሁለቱ ጠርዝ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ናቸው። ስለዚህ ልጁ ወድቋልም፣ ተመቷልም። ሆን ተብሎ ይሁን አይሁን ግን ቆዳው አይናገርም። ይህን ስንላቸው ሁለቱም ሳቁና ወደ ጨዋታው ተመለሱ።

እኔን የነካኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን፣ ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ ልጅ፣ የዚህን ልጅ ክንድና በዚያው ጨዋታ የተመታ የሌላ ተጫዋች ቅልጥም በየቀኑ ልሣል አለች። አሥር ቀን ሣለች። ጠይም ቆዳ ላይ ብልዝ እንደልብ አይታይምና መስኮት ዳር እያስቀመጠች፣ እብጠቱን በጣቷ እየዳሰሰች ሠራችው። በአምስተኛው ቀን አንዱ ወደ አረንጓዴና ቢጫ ዞሯል። ሌላው ገና ጥቁር ሰማያዊ ነው። ደብተሯን ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ አንዱን ተሳስቻለሁ መሰለኝ፤ ልቅደደው?» አለችኝ።

አልተሳሳተችም። ከቆዳ ሥር የፈሰሰው ደም ሲፈርስ ሂሞግሎቢኑ፣ ደምን ቀይ የሚያደርገው ነገር፣ መጀመሪያ ቢሊቨርዲን ይሆናል፣ አረንጓዴው እሱ ነው። ከዚያ ቢሊሩቢን ይሆናል፣ ቢጫው እሱ ነው። ፍጥነቱ ግን ከሰው ሰው፣ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ቢጫ ከታየ ቢያንስ 18 ሰዓታት ያህል አልፎታል ማለት ይቻላል። «ይህ የሦስት ቀን ነው፣ ያ የአምስት» ብሎ በቀለም ብቻ መመስከር ግን አይቻልም። ይህን አስረዳኋት። ዝም ብላ ሄደች። በማግስቱ ደብተሩን ስከፍት ከሥዕሎቹ ሥር እንዲህ ጽፋለች፦ «ቀለሙን አይቻለሁ። ቀኑን አላውቅም።» ብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ታማኝ ምስክር አላየሁም።

ያልተሳካልንም አለ። አዲስ አበባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ያለውን የፎረንሲክ ክፍል ባለሙያዎች ሄደን ልንጠይቅ አቅደን ነበር። የትራንስፖርት ወጪውም አልተገኘ፣ መንገዱም አላስተማመነን፤ ቀረ። በሚያዝያ አንዲት ነርስ መጥታ አስተማረችን። ሕፃናት ወገብ ላይ ሲወለዱ ጀምሮ የሚታየው ሰማያዊ ምልክት የዱላ ብልዝ አለመሆኑን የሰማነው ከእሷ ነው። ስንት ሞግዚት በዚህ ተጠርጥራ ይሆን!

አሁን ወደ ልመናዬ። ለ23 ተማሪ ያለን ማጉያ መነጽር ሁለት ነው፤ የአንዱ እጀታ ተሰብሯል። ቁስል ፎቶ ሲነሣ ከጎኑ ማስመሪያ መኖር አለበት፣ ካሜራውም ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት። ይህን የተለማመድነው በእኔ ስልክ ነው። ለስፖርት በዓሉ ድንኳን ብር ተገኝቷል፤ ደስ ብሎናል። ለስድስት ማጉያ መነጽርና ለአንድ ካሜራም ይገኛል ብዬ አምናለሁ። የልጅቱ ደብተር ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ከበሩ በስተግራ ያለው መደርደሪያ ላይ ነው። መጥታችሁ እዩት። ረቡዕ ከ9 ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነን።