የአንድ ራቢ ፊርማ የሚያስረው ማንን ነው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው እትማችሁ ስለ ቤተ እስራኤል ያወጣችሁትን ሐተታ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ ድካማችሁ እያመሰገንኩ፣ የአይሁድነታቸው ክርክር በ1973 በአንድ ደብዳቤ እልባት እንዳገኘ አድርጋችሁ ያቀረባችሁት ግን መታረም ያለበት ይመስለኛል (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)።

ደብዳቤው በእርግጥ አለ። በእስራኤል የሴፋርዲም (ከስፔንና ከምሥራቅ አገሮች የመጡ አይሁድ) ዋና ራቢ፣ ማለትም የሃይማኖት መሪ፣ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ በዚያ ዓመት በየካቲት ወር ፈርመው የሰጡት ሲሆን፣ ቤተ እስራኤል ከነገደ ዳን የተገኙ አይሁድ መሆናቸውን ይመሰክራል፤ የእስራኤል መንግሥትም በ1975 አይሁድ ወደ እስራኤል ገብተው ዜግነት እንዲያገኙ የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ እንዲመለከታቸው ሲወስን ትልቁ መደገፊያው እርሱ ነበር። ነገር ግን አይሁድ እንደ እኛ አገር አብያተ ክርስቲያናት የሁሉንም አፍ የሚዘጋ ሲኖዶስ የላቸውም። ራቢ ለተጠየቀው ጥያቄ መልሱን ጽፎ ይፈርማል፤ ፊርማው የሚያስረውም ሥልጣኑን የተቀበለለትን ወገን ብቻ ነው።

በ18ኛው መቶ ዘመን በምሥራቅ አውሮፓ የተነሣውን የአይሁድ መንፈሳዊ እንቅስቃሴ የተከተሉትን የሐሲዶችን ታሪክ የሚያውቅ ይህን በቀላሉ ይረዳል። በ1772 በምሥራቅ አውሮፓ በተነሣባቸው ውግዘት ውስጥ ከቀረቡት ክሶች አንዱ የእርድ ቢላዋቸው ነበር፤ ከተለመደው በተለየ መንገድ እየተሞረደ እጅግ ይሳል ነበርና። ሐባድ የተባለው የሐሲዶች ወገን መሥራች ሽኔኡር ዛልማን በጻፉት ደብዳቤ፣ ሕጉ የሚሻው ስል የሆነና ስለቱ ያልተሸረፈ ቢላዋ እንደሆነ፣ አዲሱ ቢላዋ ሁለቱንም ከቀድሞው በተሻለ እንደሚያሟላና የሚከለክለው ሕግ እንደሌለ አስረዱ። ክርክራቸው ዛሬም ሲነበብ ጠንካራ ነው። ተቃዋሚዎቻቸው ግን በዚያ ደብዳቤ አልተመለሱም፤ ቢላዋው በሁሉም ዘንድ የተለመደው ቆይቶ፣ ጠቡ ሲበርድ ነው።

የቤተ እስራኤል ጉዳይ ደግሞ ከቢላዋ እጅግ የከበደ ነው፤ ጋብቻንና ልጆችን ይነካልና። ኦቫድያ ዮሴፍ በዋናነት የተመረኮዙት በ16ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በነበሩት በራቢ ዳዊት ኢብን ዚምራ ምላሽ ላይ ነው። እኚህ ሊቅ ከሐበሻ ምድር ተማርካ በግብፅ ስለተሸጠች ሴትና ስለ ልጇ ተጠይቀው ነበር። በአንድ በኩል የሐበሻ አይሁድ ከነገደ ዳን መሆናቸውን መሰከሩ፤ በሌላ በኩል ግን ጋብቻቸው የጸና ሆኖ ፍቺያቸው በሊቃውንቱ ሥርዓት ያልተፈጸመ ስለሆነ፣ ከእነርሱ ጋር መጋባት ላይ ስጋት እንዳለ ጻፉ፤ በሕጉ ሳትፈታ ዳግመኛ ያገባች ሴት ከሁለተኛው ባሏ የምትወልደው ልጅ ከሌሎች አይሁድ ጋር መጋባት አይፈቀድለትምና። እንግዲህ የሚቀበሏቸውም የሚጠራጠሩትም የሚያጣቅሱት ያንኑ አንድ ሊቅ ነው። ሐተታችሁ ይህን ቢያነሣ ኖሮ፣ አንባቢ የኋላውን ሁሉ ምክንያት ባገኘ ነበር።

የኋላው ይኸውና፦ በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ በሱዳን በኩል የገቡት ቤተ እስራኤል፣ ለጥንቃቄ በሚል በውኃ እንዲጠልቁ፣ ወንዶቹም መጀመሪያ ላይ ለግዝረት ምልክት ያህል የደም ጠብታ እንዲሰጡ ተጠየቁ፤ ይህ ወደ አይሁድነት የሚገባ ሰው የሚፈጽመው ሥርዓት ነው። ስለ ሃይማኖታቸው ብዙ መከራ ለተቀበሉ ሰዎች ይህ ስድብ ነበር፤ በ1985 መኸር በኢየሩሳሌም ከዋናው የራቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለአንድ ወር ገደማ ተቀምጠው የተቃወሙትም ስለዚህ ነው። በኒውዮርክ የነበሩት ታላቁ ራቢ ሞሼ ፋይንስታይንም በ1984 በጻፉት ደብዳቤ ጥርጣሬው በዚሁ በውኃ የመጥለቅ ሥርዓት እንዲወገድ ሲመክሩ፣ በቆዳቸው ቀለም ምክንያት የሚያርቋቸውን ሰዎች አጥብቀው ነቅፈዋል። የመጀመሪያውን ምክር የያዙ ብዙዎች ናቸው፤ ሁለተኛውን እንደዚያው ቢይዙት ምንኛ በጎ ነበር። የእስራኤል ዋና ራቢነት ምክር ቤት የኦቫድያ ዮሴፍን ፍርድ እንደሚቀበል በይፋ የታወቀው በ2020 መጀመሪያ፣ ደብዳቤው ከተፈረመ ከ46 ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው።

ይህን ሁሉ መጻፌ ለቀን ስሕተት አይደለም። ጋዜጣችሁ በጎንደርና በአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ለመሄድ ዓመታት በሚጠብቁ ቤተሰቦችም ይነበባል። አያቶቻቸው ክርስትናን የተቀበሉ ሰዎች ጉዳይ በሌላ ፍርድ የሚታይ ሲሆን፣ ሲደርሱም ወደ አይሁድ ሃይማኖት የመመለስን ሙሉ ሥርዓት እንዲፈጽሙ ይጠየቃሉ። የ1973ቱ ደብዳቤ እነርሱንም እንደሚሸፍን አድርገው እንዳይረዱት፣ በሚቀጥለው እትማችሁ ልዩነቱን ግልጽ እንድታደርጉላቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ