ፖስታው የሚነበበው ወጥ ቤት ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ከሐበሻው መካከል ለምርጫ የሚወዳደር ሰው ለምን እንዳነሰ የጻፋችሁትን አነበብኩት። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱን የጠየቃችሁት ግን ጠበቆችንና ምሁራንን ብቻ ነው። ምግብ ቤት ጎራ ያለ አንድ ሰው የለም። የምኖረው ሲያትል ነው። እዚህ ከምግብ ቤት ተነስተው ምክር ቤት የገቡ ሴት ነበሩ፤ ወይዘሮ ሩቢ ቻው ይባላሉ።

ሩቢ የተወለዱት እዚሁ ሲያትል በ1920 (በፈረንጆቹ) ነው፤ ወላጆቻቸው ከቻይና የመጡ ስደተኞች ናቸው። አሥር ልጆች ነበሩ። አባት ቶሎ ሞቱ። ሩቢም ቤተሰቡን ለመርዳት ትምህርታቸውን አቋርጠው ሥራ ገቡ። ባለቤታቸው ፒንግ ቻው ደግሞ ከቻይና የመጡ የኦፔራ ተዋናይ ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ መድረኩ ቀረና እጃቸው ድስት ላይ ዋለ።

ባልና ሚስቱ በ1948 ብሮድዌይና ጄፈርሰን ማዕዘን ላይ ምግብ ቤት ከፈቱ። ቦታው ልብ ይባልልኝ፤ ቻይናውያን የሚኖሩበት ሰፈር፣ ቻይናታውን፣ አይደለም። ያኔ የከተማው ብዙ ሰፈር የቤት ውል ላይ ለጥቁርና ለእስያዊ እንዳይሸጥ ተብሎ ይጻፍ ነበር። እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤት ሊያስፈጽመው አይችልም ተብሎ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተወሰነው በዚያው በ1948 ነው። እነሱ ግን ከሰፈራቸው ወጥተው ከፈቱ፤ ገበያውም መጣ። ዛሬ ከዚያ ትንሽ እልፍ ብሎ፣ ጄፈርሰንና ቼሪ መንገድ ላይ፣ የእኛ እንጀራ ይሸጣል።

ብዙ ሰው ሩቢን የሚያውቃቸው በኩንግ ፉ ፊልም ተዋናዩ በብሩስ ሊ በኩል ነው። አባቱ ከፒንግ ጋር በኦፔራው ይተዋወቁ ስለነበር፣ ልጁ በ1959 ሲመጣ እነሱ ቤት አርፎ በአስተናጋጅነት ሠርቷል። ከሩቢ ጋር ብዙም አልተዋደዱም ይባላል። አያስገርምም፤ ትሪ ይዞ ጎንበስ ቀና የሚል ልጅ አይመስልም።

የእኔ ነገር ግን ሌላ ነው። ሩቢ ሲያትል የምትገኝበት አውራጃ፣ የኪንግ ካውንቲ፣ ምክር ቤት አባል ሆነው የተመረጡት በ1973 ነው፤ ከእስያውያን አሜሪካውያን የመጀመሪያዋ። ምግብ ቤቱ ከተከፈተ 25 ዓመት ማለት ነው! በነዚያ ዓመታት ምን ሠሩ? እንግሊዝኛ ለማይችለው አስተረጎሙ። የስደተኛ ጉዳይ ያለበትን ረዱ። በ1952 የቻይናውያን ልጃገረዶችን የሰልፍ ቡድን አቋቋሙ። ወንዶች ብቻ ይመሩት የነበረውን ቾንግ ዋ የተባለ የማኅበረሰብ ድርጅት በፕሬዚዳንትነት መሩ። የካውንቲው ምክር ቤት ወንበር ላይ ደግሞ እስከ 1985 ቆዩ። ያን ጸጉራቸውን ከፍ አድርገው ሠርተው ሲገቡ ማን እንደሆኑ የሚጠይቅ አልነበረም አሉ።

እኛ ጋ የሚሆነውን ልንገራችሁ። እኔ አራት ዓመት አስተናጋጅ ነበርኩ። ምርጫ ሲደርስ ተወዳዳሪው ከነፎቶ አንሺው ይመጣል። አንድ ጉርሻ ይጎርሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። አንዱማ ሒሳቡን ሳይከፍል ነው የወጣው።

የቤቱን ባለቤት ደግሞ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ከምሳ በኋላ ቤቱ ሲቀዘቅዝ፣ ሰው ፖስታውን ይዞ ይመጣል። ከመብራት ኃይል ይሁን ከፍርድ ቤት፣ ያልተከፈተ ፖስታ። እትዬ በርበሬ የነካ እጃቸውን በሽርጣቸው ይጠርጉና መነጽር ያደርጋሉ። ያነቡታል። «ይሄ ማስታወቂያ ነው፣ ጣለው» ይላሉ። ወይም «ይሄስ ቀን አለው፣ ነገ በጠዋት ና፣ አብረን እንደውላለን»። አንድ ቀን ስምንት ፖስታ ቆጥሬያለሁ። ስምንተኛው ሰውዬ ገና ሳይቀመጥ ቡና ቀርቦለት ነበር።

አንዴ «እትዬ፣ ለምን አይወዳደሩም?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «እኔ? እንግሊዝኛዬን ሰምተኸዋል?» ብለው ሽሮው እንዳያርርባቸው ገቡ። እንግሊዝኛቸው ግን ስምንት ሰው ያስተዳድር ነበር።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ሰው ስትፈልጉ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ አንዱ እንጀራ ቤት ገብታችሁ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ሒሳቡን ግን ክፈሉ።

አንባቢያችሁ፣
ከሲያትል