ገጠመ ማለት ሠራ ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁን አዘውትሬ አነባለሁ። በቅርቡ ኮምፒውተሩ የተንቀራፈፈበት ሰው ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ይጨምርበት የሚል ምክር አውጥታችሁ ነበር። ምክሩ ጥሩ ነው። ደህና ማሽን ጥሎ አዲስ ከመግዛት ራም መጨመር በብዙ ይረክሳል። ቅር ያለኝ ራሙ ስሎቱ (መሰኪያው) ላይ ከገጠመ ይሠራል ያላችሁት ነገር ነው። ሥራዬ የቢሮ ኮምፒውተር ጥገና ነው። በዚህ አባባል የተነሳ ስንት ጤነኛ ማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) «ተቃጥሏል» ተብሎ እንደሚጣል ስለማይ ነው የምጽፍላችሁ።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ኢንቴል ጂ41 ቺፕሴት (ማዘርቦርዱ ላይ ሆኖ ራሙን የሚያነበው ክፍል) ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ አላት። ራሙ 2 ጊጋ፣ ዓይነቱ ዲዲአር3። አዲስ ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር3 ገዝታ አስገጠመች። ቀጭ ብሎ ገባ። ሲበራ ግን ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ከውስጥ ጢጥ ጢጥ ይላል። ሻጩ ራሙን ተቀብሎ በራሱ ኮምፒውተር ሞከረው፤ ሠራ። «ራሙ ምንም አልሆነም፣ ማዘርቦርድሽ ነው የተበላሸው» ብሎ መለሳት። የድሮው ራም ሲመለስበት ማሽኑ እንደ ወትሮው ይነሳል። ታዲያ የተበላሸ ማዘርቦርድ በድሮው ራም እንዴት ተነሳ? ይህን የጠየቀ አልነበረም። ማሽኑ እኔ ዘንድ ሲመጣ ማዘርቦርድ እንድቀይር ተብሎ ነው።

ራሙም ጤነኛ ነው፣ ማዘርቦርዱም ጤነኛ ነው። ራሙ ላይ ያሉትን ጥቋቁር ቺፖች ብትቆጥሩ ስምንት ብቻ ናቸው። 4 ጊጋ ለስምንት ሲካፈል ለአንድ ቺፕ 512 ሜጋ ባይት ይደርሰዋል። ጂ41 ደግሞ በአንድ ቺፕ ከ256 ሜጋ ባይት በላይ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ለእሱ የሚሆነው ባለ 4 ጊጋ ራም በሁለቱም ጎኑ ስምንት ስምንት፣ በድምሩ 16 ቺፕ ያለው ነው። የሻጩ ኮምፒውተር አዲስ ስለሆነ ትልልቁን ቺፕ ያለ ችግር አነበበው። ለዚህ ነው በሌላ ማሽን መሞከር ብቻውን ምንም የማያረጋግጠው።

ይህን ለማወቅ ማሽኑን መፍታት እንኳን አያስፈልግም። ራሙ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይናገራል። ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር3 ላይ «2አር×8» ከተጻፈ ባለ 16 ቺፑ ነው፤ «1አር×8» ከሆነ ባለ ስምንቱ። ሰው ግን ጊጋውን አይቶ ይገዛል፤ ሻጩም ጊጋውን ጠርቶ ይሸጣል። ያቺን ትንሽ ጽሑፍ የሚያያት የለም።

ሌላዋ የማትታይ ነገር ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ናት። «ፒሲ3-10600ዩ» ለተራ ዴስክቶፕ ነው። መጨረሻዋ «አር» ከሆነች ግን የሰርቨር፣ ማለትም ብዙ ሰው በኔትወርክ የሚያገለግል የድርጅት ኮምፒውተር ራም ነው። ከተነቀሉ ሰርቨሮች የወጣ ራም በርካሽ ይሸጣል፤ ርካሽ የሆነውም ተራ ዴስክቶፕ ላይ ስለማይሠራ ነው። ፒኑ (ስሎቱ ውስጥ የሚገባው ጥርስ) ያው 240 ነው፣ በጥርሶቹ መሐል ያለው ክፍተትም ያው ነው፣ ስለዚህ ይገጥማል። ማሽኑ ግን አይነሳም። ዲዲአር2ም ፒኑ 240 ነው፤ ደግነቱ የመሐል ክፍተቱ ከዲዲአር3 ስለሚለይ ካልተገፋ በቀር አይገባም። የሚገፋ አይጠፋም ታዲያ። ዲዲአር2 በ1.8 ቮልት፣ ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት ነው የሚሠራው፤ በጉልበት ያስገባ ሰው ቢያንስ ስሎቱን ይሰብራል።

ፍጥነቱ ግን ያን ያህል አያስጨንቅ። ደንበኞቼ ከሁሉ በፊት የሚጠይቁኝ ስለ እሱ ነው። የተቀረው ከተስማማ 1600 የሚል ራም 1333 ላይ የሚሠራ ማዘርቦርድ ላይ ቢገባ፣ ዝቅ ብሎ በ1333 ይሠራል፤ አለቀ።

ራሙ ትክክለኛው ሆኖ ማሽኑ አልነሳ ሲልስ? ከሁሉ በፊት ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። ከዚያ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙት። የራሙን ወርቃማ ጥርስ በንጹሕ ላጲስ ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉት፤ ፍርፋሪው ስሎት ውስጥ እንዳይገባ። አሮጌ ማሽን ላይ ብዙው ችግር እዚህ ያልቃል። ካላለቀ አንድ ራም ብቻ አስገብታችሁ በየስሎቱ ሞክሩ። ሁለት ራም አንድ ላይ እየገጠሙ መገመት ጊዜ ማባከን ነው። አሁንም እምቢ ካለ፣ ገመዱ እንደተነቀለ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ትንሽ አውጥታችሁ መልሷት፤ ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) የድሮውን ቅንብር ረስቶ እንደ አዲስ ይጀምራል። ተነስቶ በየመሐሉ ሰማያዊ ስክሪን የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ ሜምቴስት86+ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍታችሁ ሌሊቱን ተዉት። አንድ ስህተት ካሳየ ራሞቹን ለየብቻ ፈትኑ። ስህተቱ አንዱን ራም በየስሎቱ የሚከተለው ከሆነ ያ ራም ይመለስ።

ማሽኑ ተነስቶ ጊጋው የሚጎድልበትም አለ። 4 ጊጋ ተገጥሞ ዊንዶውሱ የምጠቀመው 3 ጊጋ ከምናምን ነው ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውሱ 32 ቢት የሚባለው፣ ከ4 ጊጋ በላይ መጠቀም የማይችለው ዓይነት ስለሆነ ነው። 8 ጊጋ ብትጨምሩለትም ከዚያ አያልፍም። በነገራችን ላይ፣ ለማንኛውም ችግር «ፎርማት ይደረግ» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ፎርማት በእርግጥ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ከ32 ወደ 64 ቢት በሌላ መንገድ አይታለፍም። ዊንዶውሱ 64 ቢት ሆኖ ከጎደለ ግን አትቸኩሉ። ኤምኤስኮንፊግ የሚባለውን የዊንዶውስ ማስተካከያ ከፍታችሁ፣ ቡት የሚለው ውስጥ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ግቡና ማክሲመም ሜሞሪ ላይ ምልክት ካለ አንሡት። ያፈጥናል ተብሎ እሱን ምልክት ማድረግ የተለመደ ነው፤ የሚያደርገው ግን ራሙን መገደብ ነው።

ሻጮችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ራም ከመሸጣችሁ በፊት የማዘርቦርዱን ሞዴል ጠይቁ። ደንበኛው ካላወቀው ሲፒዩ-ዚ የሚባለው ፕሮግራም ሞዴሉንም ቺፕሴቱንም ያሳየዋል። አልስማማ ያለ ራም ሲመለስም ተቀበሉ፤ ራሙ እንደሆነ አልተበላሸ፣ ለሌላ ሰው ይሸጣል።

እናንተም በሚቀጥለው ዕትም እርማት ብታወጡ ደስ ይለኛል። ሲሆን ሲሆን የአንድ ራም ወረቀት ፎቶ በትልቁ አትሙ፤ «2አር×8» የሚለውንና የመጨረሻዋን ፊደል በቀይ ክበቡባቸው። አንባቢው ቆርጦ ይዞት ገበያ ይሄዳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ የሆንኩ አንባቢያችሁ